140 ካሬ ላይ ብርሃን የሚገባው ቤት እንዴት ይወጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር በማኅበር የደረሰን ቦታ 140 ካሬ ነው፤ ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 14። ግራና ኋላ ያሉት ጎረቤቶች ወሰኑ ላይ ድፍን ግድግዳ አቁመዋል። ፎቅ ለጊዜው አይታሰብም፤ አቅም የለም፣ እናቴም ደረጃ አትወጣም። የምፈልገው ሦስት መኝታ፣ ሳሎንና ኩሽና ነው።

መጀመሪያ ያሠራሁት ፕላን የመሃሉን መኝታና ሻወር ቤቱን ያለ መስኮት አስቀራቸው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ልናበራ! ባለሙያው «መስኮት ከፈለግህ ከወሰኑ 2 ሜትር ራቅ» አለኝ። በቀኝ በኩል ስርቅ ደግሞ 28 ካሬ ሄደ፣ ሳሎኑም ኮሪደር መሰለ። ፊት ለፊት ያለችው 3 ሜትር ግቢ ለሴፕቲክ ታንክ ተይዛለች።

እንዲህ ባለ ቦታ የሠራችሁ፣ የቀኙን 2 ሜትር ልልቀቅ ወይስ ቤቱን እስከ ወሰኑ አድርሼ መሃሉ ላይ 3 በ3 ጣሪያ የሌለው ክፍት ቦታ ልተው?