ሴፍቲ ቤልቱን የት እንሰረው?

ልሳኙ ከለቡ
ሰላም ቤተሰብ። ለቡ አካባቢ የአንድ ጂ+5 ሕንፃ የውጭ ልስን ይዘናል። መወጣጫው እንደተለመደው የባሕር ዛፍ ነው። ተቋራጩ ለሁላችንም አዲስ ሴፍቲ ቤልት (ከከፍታ ስንወድቅ እንዲይዘን በትከሻና በጭን የሚታሰረውን) አድሎናል፤ እግዜር ይስጠው። የት እንደሚታሰር ግን ያሳየን የለም። ፎርማኑ «አጠገባችሁ ያለው ቋሚ እንጨት ላይ ሁኩን ጣሉ» ይላል። አንድ አንጋፋ ልሳኝ ደግሞ ቤልቱን ትቶ ገመድ ወገቡ ላይ ያስራል። አሁን የቆምነው ከመሬት 3 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ በቅርቡ ወደ ላይኞቹ ፎቆች እንወጣለን። የምታውቁ ንገሩን።

ሴፍቲ ኦፊሰር
ወንድሜ፣ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቅከው። ቤልት የለበሰ ሠራተኛ ብዙ አያለሁ፤ ሁኩ ግን ወይ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል ወይ እንጨት ላይ ተሰክቷል።

እንጨቱ ላይ በፍጹም አትሰሩ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለአንድ ሰው የሚሆን ማሰሪያ 22 ኪሎኒውተን እንዲችል ይጠይቃል፤ ከ2,200 ኪሎ በላይ ማንጠልጠል ማለት ነው። በሚስማር የተያያዘ ባሕር ዛፍ ይህን አይችልም፤ መወጣጫው ራሱ ቢደረመስ ደግሞ እናንተንም ይዞ ይወርዳል። ከሶሌታው (ከፎቁ የኮንክሪት ወለል) ብቅ ያለ ፌሮም አይታመንም፣ ሁኩ በጫፉ ሾልኮ ይወጣል።

ስለ ከፍታው ደግሞ አብረን እንደምር። ቤልቱን ከሁኩ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ገመድ 1.8 ሜትር ነው። በላዩ ያለችው ታጥፋ የተሰፋች ሾክ አብዞርበር ስትተረተር ወደ 1.1 ሜትር ትረዝማለች። ገመዱ ከሚያያዝበት የቤልቱ የጀርባ ቀለበት እስከ እግርህ 1.5 ሜትር አለ፤ ለመጠባበቂያ 1 ሜትር ጨምር። ከታሰረበት ነጥብ በታች 5.4 ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልግሃል። 3 ሜትር ላይ ቆመህ በወገብህ ልክ ብታስረው ማሰሪያው ከመሬት 4 ሜትር ነው። ቤልቱ ሳይዝህ መሬት ትመታለህ።

አንጋፋውን በአክብሮት ንገሩልኝ፦ ወገብ ላይ የታሰረ ገመድ ውድቀቱን የሚያቆመው በሆድና በአከርካሪ ላይ ነው። ኦሻ የወገብ ቀበቶን ለመውደቅ መከላከያነት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ሙሉ ቤልት ግን ጫናውን ለጭንና ለደረት ያከፋፍላል፤ ቀለበቱ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል መዋል አለበት፣ የጭኑም ማሰሪያ መላላት የለበትም።

ልሳኙ ከለቡ
ተባረክ። ታዲያ 3 ሜትሩ ላይ ምን እናድርግ? ወደ ላይ ስንወጣስ?

ሳይት መሐንዲሷ
እኔ ልጨምር። ዝቅ ባለው ቦታ ትልቁ ነገር እንዳትወድቁ ማድረግ ነው። የምትቆሙበት ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍተት ሳይኖረው ይሞላ፣ በውጭ በኩል 1 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ አግዳሚ ይመታ፣ መሃሉም ላይ አንድ ይደገም። ይህ የአናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ፎርማኑ ጊዜ የለም ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ላይ ስትወጡ ከበላያችሁ ባለው ፎቅ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ሥር ለዚሁ የተሠራ ማሰሪያ ተጠምጥሞ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ገመድ ይውረድ፤ ለሁለት ሰው አንድ ገመድ አይሆንም። ገመዱ ላይ የሚንሸራተት፣ ስትወድቁ ግን ነክሶ የሚይዝ መያዣ አለ፤ ሁኩ እሱ ላይ ይገባል። የሶሌታው ጠርዝ ስለት ነውና ገመዱ የሚታሽበት ቦታ ወፍራም ነገር ይነጠፍበት። ከማሰሪያው ወደ ጎን ርቃችሁ አትሥሩ፤ ብትወድቁ እየተወዛወዛችሁ ከግድግዳው ወይም ከመወጣጫው ጋር ትጋጫላችሁ።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ይህን ነው፦ ሰው ተንጠልጥሎ ቀረ እንበል፣ ማን ያወርደዋል? እግሩ ላይ ደም ይጠራቀማል፤ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ሊሞት ይችላል። መሰላሉ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚወጣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ተነጋገሩ።

ሴፍቲ ኦፊሰር
ፎርማኑ «ቤልት ሰጥተናል፣ በቃ» ካለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንቀጽ 92 አሳዩት፤ መከላከያውን መስጠት ብቻ ሳይሆን አጠቃቀሙን ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው።

ቤልቱን በየጠዋቱ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ስፌቱ የተተረተረ፣ ሲሚንቶ ደርቆበት የጠነከረ ወይም ቲነር የነካው ካለ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሰው ወድቆበት የያዘውን ቤልት ደግሞ ደህና ቢመስልም በመቁረጫ ቁረጡት፣ ነገ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይለብሰው።