ኑሮው ሲከብድ ጌም ላይ የምታወጡትን እንዴት አደረጋችሁት?

የጀሞው ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

33 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ፤ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። ፒኤስ 4 ስሊሜን (ፕሌይስቴሽኔን) በ2012 ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ በ13,500 ብር። ያኔ ላጤ ነበርኩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲሱ ፊፋ (የእግር ኳስ ጌሙ) ሲወጣ ሳልገዛ ያለፍኩበት ጊዜ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ሦስት የሰፈር ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ የተሸነፈ ጆይስቲክ ይለቃል፣ ሳናስበው ስድስት ሰዓት ይሆናል። ከእነዚህ ልጆች ጋር ከ15 ዓመት በላይ ተዋውቀናል። አሁን ሁሉም ሥራና ቤተሰብ ይዞታል፤ የምንገናኝበት ምክንያት ይሄው ጌም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ሒሳቡ አልገባ አለኝ። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። 70 ዶላር የሚሸጥ አዲስ ጌም በ57 ሲሰላ 4,000 ብር አይሞላም። በ140 ብታሰሉት 9,800 ብር ነው። የጌም መግዣ ካርድ የሚሸጡት ልጆች ድሮም በባንክ ዋጋ አልነበረም የሚያሰሉት፤ እኛ ደግሞ በኢትዮጵያ አድራሻ የፕሌይስቴሽን አካውንት መክፈት ስለማንችል የአሜሪካ አካውንትና ካርድ የግድ ነው። ደመወዜ በዚያው ልክ አልጨመረም። ስለዚህ ኤፍሲ 24 ላይ ቆምኩ (ከፊፋ 23 በኋላ ስሙ የተቀየረው ያው ጌም ነው)። ከዚያ በኋላ አንድም ጌም አልገዛሁም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጆይስቲኩ ተበላሸ። የግራው አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው) ጎማው ተልጦ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል። እጄን ሳላስነካው ተከላካዩ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ሱቅ ስጠይቅ ኦሪጅናሉን 7,500፣ ኮፒውን 2,800 አሉኝ። ብሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን የልጄ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ነው። ባንኮኒው ላይ ጆይስቲኩን ይዤ ትንሽ ቆሜ መለስኩት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፒኤሱን በ20,000 ልግዛህ ብሎኛል። ልሽጠው? እናንተስ ምኑን ተዋችሁ፣ ምኑን አልተዋችሁም?

ባለ ጌም ቤቱ (አዳማ)፦

ወንድሜ፣ ኮፒውን እንዳትገዛ። እኔ ጌም ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ሦስት ወር አይቆይም። የአንተ ችግር አናሎጉ ብቻ ነው። ከኋላ አራት ብሎን አለው፤ ተፈትቶ በአልኮል ይጸዳል። ካልሆነ አናሎጉ ብቻ ይቀየራል። ብየዳ ስላለው ራስህ አትሞክረው፣ ለባለሙያ ስጠው። እኔ ባለፈው ወር ሁለት ጆይስቲክ ያሠራሁት በ500፣ 500 ብር ነው። ጎማው ለብቻው ይሸጣል፣ ርካሽ ነው።

ኑሮውን ካነሳኸው እኔ በልጆቹ ነው የማየው። ድሮ ከትምህርት ቤት መጥተው እስኪመሽ ይጫወቱ ነበር። አሁን አንድ ጌም ይከፍሉና ሌላውን ሰዓት ቁጭ ብለው የሰው ያያሉ። አንዱን ጌም ከ10 ወደ 15 ብር ብጨምረው ወንበሩ ባዶ ሆነ። መለስኩት። መብራት ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። አራት ቴሌቪዥን ነበረኝ፤ አሁን የማበራው ሦስቱን ነው። ልጆቹን ግን አላባርርም። ያላቸው መዋያ ይሄ ብቻ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካም ቀላል እንዳይመስልህ። ፒኤስ 5 ሲወጣ 499 ዶላር ነበር፤ በፈረንጆቹ 2025 ነሐሴ ላይ 549 አስገቡት። ኮንሶል እያረጀ ሲሄድ ዋጋው ይወርዳል ብለን ነበር የለመድነው። የፕላስ (በኢንተርኔት ለመጫወት የሚከፈለው) የዓመት ክፍያም በ2023 ከ60 ወደ 80 ዶላር ወጣ። የቤት ኪራይና የመኪና ኢንሹራንስ ስከፍል ፕላሱን ሰረዝኩት።

አሁን የምገዛው ዲስክ ብቻ ነው፣ ያውም ያገለገለ። ዲስክ ጨርሰህ ትሸጠዋለህ፣ ለጓደኛ ታውሰዋለህ። አካውንት ላይ የገዛኸው ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። አንተም አዲስ ነገር ካማረህ የዘንድሮውን ትተህ የአምናውን ዲስክ ፈልግ።

እህትህ ከሰሚት፦

እኔ ጌም አልጫወትም፤ ባለቤቴ ግን እንደ አንተ ነው። አምና እሱም ሊሸጥ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ቁጭ ብለን አሰላነው። ፒኤሱ ቤት እያለ ዓርብ ማታ እዚሁ ነው፣ ወጪው መብራትና አንድ ጀበና ቡና ነው። ተበላሽቶ በቆየበት ወር ከጓደኞቹ ጋር ድራፍት ቤት አራት ጊዜ ወጣ፤ በአንዱ ምሽት ብቻ 1,600 ብር አውጥቶ መጣ። በዛ ላይ ልጆቹ ሳያዩት ይተኛሉ።

20,000 ብሩ ዛሬ ትልቅ ይመስላል። ሁለት ወር ሳይሞላ አስቤዛው ይበላዋል። ከዚያ መልሰህ ልግዛ ብትል አታገኘውም። በአስቸኳይ የምትከፍለው ዕዳ ከሌለብህ ይቀመጥ። ደግሞ ለባለቤትህ ንገራት። ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ጓደኞችህ ንገራት።

የጀሞው ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ያልሽውን አደረግኩ። ለባለቤቴ ስነግራት «እኔ እኮ ለምን አይመጡም እያልኩ ነበር» አለችኝ። ለካ ከእኔ በላይ አስባበት ኖሯል።

ፒኤሱን አልሸጥኩትም። ጆይስቲኩን መርካቶ ወስጄ በ600 ብር አሠራሁት፣ ጎማውንም ጨምሮ። ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ኦቾሎኒ ይዞ ነበር፤ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርገን አናውቅም፣ ሁሌ እኔ ነበርኩ የማቀርበው። የተጫወትነው ያንኑ ኤፍሲ 24 ነው። የተጫዋቾቹ ዝውውር ቢያረጅም ማንም ትዝ አላለው።

እዚያው ተነጋግረን በወር 300፣ 300 ብር ለማዋጣት ተስማማን። እንደ ዕቁብ ለአንድ ሰው አይወጣም፤ ለዲስክና ለጥገና ብቻ ነው። ያገለገለ ዲስክ ስናገኝ የአራታችን ይሆናል። ለሁለት አካውንት ላይ ገዝተን እንጋራ የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ነገር ግን ጌሙን ለማውረድ ብቻ ብዙ ጊጋ ስለሚፈልግ ዲስኩን መረጥን።

የአዳማው ወንድሜ፣ የቀኙ አናሎግም መላላት ጀምሯል። አሁኑኑ ላስቀይረው ወይስ እስኪበላሽ ልጠብቅ?