በጉድጓድ ውሃ የሊድ (የእርሳስ) ፒክ እየወረደብን ነው፤ እርዱን

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ሊድና ካድሚየም በስትሪፒንግ ቮልታሜትሪ እየለካን ነው፤ ብረቱን ኤሌክትሮድ ላይ አጠራቅመን መልሰን ስናሟሟው የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ጫፍ (ፒክ) እናነባለን ማለት ነው። ኤሌክትሮዱ ግላሲ ካርበን፤ ብረቶቹ የሚጠራቀሙበትን ስስ ሽፋን እንዲሠራ በሊትር 400 ማይክሮግራም ቢስሙዝ እዚያው ናሙናው ላይ እንጨምራለን። በፈሩ (ፒኤቹን የሚያረጋጋው) 0.1 ሞላር አሴቴት፣ ፒኤች 4.5፤ በ-1.2 ቮልት 120 ሰከንድ እያማሰልን እናጠራቅማለን። በተጣራ ውሃ ካድሚየም -0.8፣ ሊድ -0.55 ቮልት አካባቢ ጥርት ብለው ይወጣሉ። በጉድጓዱ ውሃ ግን 20 ማይክሮግራም በሊትር ሊድ ብንጨምርም ፒኩ ግማሽ አይሞላም፣ ከቢስሙዙ ፒክ ጎንም ትከሻ ይታያል፤ መዳብ ይመስለኛል። ውሃው ጨዋማና ጠንካራ ስለሆነ ፒኤቹን በናይትሪክ አሲድ መልሰን እናስተካክላለን፤ ችግሩ እሱ አይደለም። ኤሌክትሮዱን በ0.05 ማይክሮን አሉሚና ስናሸው ለአንድ ልኬት ይሻላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ኦርጋኒክ ነገር ፊቱን እየሸፈነው ይሆን?

መዳቡን እንዳይረብሽ በፌሮሳያናይድ ያሰረ ካለ መጠኑን ይንገረን። ኦርጋኒኩን የሚያፈርስ የዩቪ መብራት የለንም፤ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በናይትሪክ አሲድ ማፍላት ይበቃል? ሰዉ የሚጠጣው ውሃ ነውና እባካችሁ የምታውቁ መልሱልን።