62 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ልጆች በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል መምህርት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በክፍሌ 62 ልጆች አሉ። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሊትርን በቃል ከሚሸመድዱ በእጃቸው ይለኩት ብዬ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችና ስኒዎች ይዤ ገባሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወለሉ ረጠበ፣ ደብተር ተበላሸ፣ ከኋላ ያሉት ለማየት ዴስክ ላይ ወጡ። የጎረቤት ክፍል መምህር ድምፁ በዝቶበት በሩን አንኳኳ። ይህስ ያልፋል። የከነከነኝ በማግስቱ «በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግማሽ ሊትር አለ?» ብዬ ስጠይቅ እጅ ያወጡት ጠርሙሱን የያዙት ስድስት ሰባት ልጆች ብቻ መሆናቸው ነው። ሌሎቹ ግርግሩን አይተው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍልፋይ እጀምራለሁ። ልጆቼ «4 ከ3 ስለሚበልጥ ሩብ ከሲሶ ይበልጣል» ይላሉ። በሰሌዳ ላይ ክብ እየሣልኩ ባስረዳም አልለቀቃቸውም። ወላጆችን ወጪ ሳላስወጣ ሁሉም ልጅ የሚነካው ነገር እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር

እህቴ፣ የበደለሽ ውሃው አይደለም። አንድ ባልዲ ለ62 ልጅ አይበቃም። ዕቃው መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ልጆቹ ተመልካች ናቸው፤ ተመልካች ደግሞ ወይ ይሰለቻል ወይ ዴስክ ላይ ይወጣል።

ለክፍልፋይ ክቡን ተዪው። ክብን ለሦስት እኩል መክፈል ለትልቅ ሰውም ያስቸግራል። ከአሮጌ ደብተር 12 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው የወረቀት ቁራጮች አዘጋጂ። 12ን የመረጥኩት ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ያለ ትርፍ ስለሚከፈል ነው። ግማሹ 6 ሴንቲሜትር፣ ሲሶው 4፣ ሩቡ 3፣ አንድ ስድስተኛው 2 ይሆናል። ለሁለት ልጆች አራት ቁራጭ ስጪ። 31 ጥንድ ስለሚሆኑ 124 ቁራጭ ትፈልጊያለሽ፤ ከአንድ ገጽ ስምንት ያህል ከወጣ 16 ወረቀት ይበቃሻል። በዴስክ ሦስት ሆነው ለሚቀመጡት ሦስተኛውን ልጅ ከፊት ካለው ዴስክ ጋር አጣምሪው። አራት ሆነው ከሠሩ ግን አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ያያሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ቁራጭ ሳይነካ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ። ሌላውን ለሁለት ይጠፉት፣ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አጥፈው ሩብ ያውጡ። ለሲሶው በማስመሪያ በየ4 ሴንቲሜትሩ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ከመቅደዳቸው በፊት «ሲሶና ሩብ ብሰጥህ የትኛውን ትወስዳለህ?» ብለሽ ጠይቂና መልሳቸውን ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ይህችን አትዝለያት። ልጁ ግምቱን ጽፎ ከሆነ፣ ቀድዶ ጎን ለጎን ሲያስተያያቸው የሚከራከረው ከራሱ ጋር ነው። ወረቀቱን ብዙ ቦታ በከፈልነው መጠን ቁራጩ እያነሰ እንደሚሄድ አንቺ ሳትነግሪው ይናገራል።

ቁራጮቹን ሰብስበሽ በፖስታ አስቀምጪ። ነገ ሲሶና ሩብን መደመር ስትደርሺ እነዚያኑ ታወጪያለሽ። 4 እና 3 ሴንቲሜትር ሲገጣጠሙ ከ12ቱ 7 ይሆናሉ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ 2/7 የሚጽፍ ልጅ ቁራጩን ከግማሹ አጠገብ አድርጎ ይየው፤ ከግማሽ እንደሚበልጥ ዓይኑ ይነግረዋል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

መምህርት፣ ወላጅን ስለማሰብዎ አመሰግናለሁ። ልጄ አንድ ጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «ነገ ባለቀለም ወረቀትና ሙጫ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ» ብላ አልቅሳብኛለች። የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶቹ ተዘግተው ነበር። ባዶ ጠርሙስ፣ ቆርኪ፣ ካርቶን ከሆነ ግን ከየቤቱ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይንገሩን እንጂ።

መልስ፦ የሁለተኛ ክፍል መምህርት፣ ታቦር አካባቢ

ስለ ሊትሩ ልመልስልሽ። ውሃውን በአሸዋ ለውጪው። ደረቅና የተነፋ አሸዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ቢደፋም በመጥረጊያ ይሰበሰባል። ሕንፃ የሚሠራበት ሰፈር ሄደሽ ሁለት ጆንያ ብትለምኚ የሚከለክልሽ አይኖርም። ሽንብራ ወይም ስንዴ ይሻላል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እኔ አልስማማም። ልጆች በእህል ሲጫወቱና መሬት ላይ ሲበትኑት ያየ ወላጅ ይከፋዋል፣ ልክም ነው። ምሳ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ ባለበት ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ግማሽ ሊትሩን ጠርሙስ አንገቱ ጋ ቆርጠሽ የላይኛውን ገልብጠሽ ማንቆርቆሪያ አድርጊው፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኚ። በየቡድኑ አንድ ልጅ ዕቃ ተረካቢ ይሁን፤ ከእሱ በቀር ማንም ከመቀመጫው አይነሣ። «ጀምሩ» ከማለትሽ በፊት ደግሞ የማቆሚያ ምልክት አለማምጃቸው። እኔ ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፤ እነሱም ሦስት ጊዜ አጨብጭበው እጃቸውን ከዕቃው ላይ ያነሣሉ። የመጀመሪያዋን ቀን ያለ ምንም ዕቃ ይህንኑ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ተለማመድን። ያች አምስት ደቂቃ ዓመቱን ሙሉ አገልግላኛለች።

መልስ፦ የአካባቢ ሳይንስ መምህር

የሚንሳፈፍና የሚሰምጥ ስታስተምሪ ያንን ቀዳዳ የበዛበት ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አትርሺ። በስምጥ ሸለቆ ስለምንኖር በየሜዳው ይገኛል። «ድንጋይ ይሰምጣል» ብሎ የጻፈ ልጅ ሲንሳፈፍ ሲያይ የሚያሳየው ፊት ለእኔ ከደሞዜ ይበልጣል። ቀዳዳዎቹ አየር የያዙ ስለሆኑ ነው የሚንሳፈፈው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀቱን ቁራጭ ዛሬ ሞከርኩት። ጭብጨባውን ትናንት አለማምጄ ነበር። ግምት ሲጽፉ አብዛኞቹ ሩብን መርጠው ነበር። ቀድደው ሲያስተያዩ አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ እጅ አውጥታ የማታውቅ ልጅ «ቲቸር፣ ለብዙ ሰው ሲካፈል ያንሳል!» ብላ ጮኸች። በጩኸቷ አልተቆጣኋትም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ቸገረኝ። ነገ አንድ አምስተኛ አለ፤ 12 ደግሞ ለ5 አይከፈልም። 20 ሴንቲሜትር ቁራጭ ላዘጋጅ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር

የለም ልጄ፣ እሱን እንዳታደርጊ። የ20 አንድ አምስተኛ 4 ሴንቲሜትር ነው፣ የ12 ሲሶም 4 ሴንቲሜትር ነው። ልጆቹ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አንድ አምስተኛና ሲሶ እኩል ናቸው ይሉሻል፤ ዛሬ የያዙትም ይፈርሳል። ክፍልፋዮች የሚወዳደሩት ከአንድ ዓይነት ሙሉ ከተወሰዱ ብቻ ነው። አሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ፈልጊና ሁሉንም እንደ አዲስ በ30 ሴንቲሜትር፣ ልክ በማስመሪያው ቁመት ቁረጪ። ግማሹ 15፣ ሲሶው 10፣ አንድ አምስተኛው 6፣ አንድ ስድስተኛው 5 ይሆናል። ሩቡ ሰባት ተኩል ላይ ይወድቃል፤ እሱን እንደ ዛሬው በማጠፍ ያውጡት። የ12ቱን ቁራጮች ግን ለነገ ከክፍል አውጪያቸው፤ ከአዲሶቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ።