በየካቲት መጨረሻ ወፍ ለማየት፦ ቦዬ ወይስ ግልገል ጊቤ?

የአጂፕ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የአጎቴን አሮጌ ባይናኩላር ይዤ ወፍ ማየት ጀምሬያለሁ። ቦዬ ረግረግ ለጅማ ቅርብ ነው፣ በባጃጅ ይደረሳል። ጓደኛዬ ግን «በበጋ ውሃው ይሸሻል፣ የግልገል ጊቤ ግድብ ይሻልሃል» ብሎ አወዛገበኝ። የምፈልገው ወርቃማ ጉትዬ ያላትን ጥቁሯን ክሬን፣ ረጅም እግሯን ወፍ ነው።

ጋሽ ሒርማታ፦
ቦዬ ሂድ ልጄ። ውሃው መሸሹማ ላንተ ነው የሚበጅህ! ጭቃው ሲገለጥ ባለ ረጃጅም እግሮቹ ትል ሊለቅሙ ይወርዳሉ። ከአውሮፓ የመጡት እንግዳ ወፎችም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ታገኛቸዋለህ። ፀሐይ ሳትበረታ ድረስ። ከብት ጠባቂዎቹን ሰላም በልና ጠይቅ፣ ክሬኖቹ የት እንዳሉ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ቡናዬ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። ግድቡ ሰፊ ነው፤ ወፎቹ መሃል ውሃ ላይ ከሆኑ በአሮጌ ባይናኩላር ነጥብ ብቻ ነው የምታየው። ደግሞ ነጭ አንገት ያላት፣ ከአገጯ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት ረጅም ክሬን ካየህ ሌላ ዝርያ ናት፣ እንዳታምታታ። ስትበር ክሬን አንገቷን ትዘረጋለች፣ ሳቢሳ ግን ያጥፈዋል።

የአጂፕ ልጅ፦
ቦዬ ነው በቃ። ቦቲ ያስፈልጋል?

ጋሽ ሒርማታ፦
አዎ። ውሻህን ደግሞ ቤት ተወው።