ጄኒስቲን የጡት ካንሰር ሴሎችን ያባዛል ወይስ ይገታል?

ጥያቄ፦ በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኘው ጄኒስቲን ኤምሲኤፍ-7 የተባሉትን የጡት ካንሰር ሴሎች እንደሚያባዛም እንደሚገታም አነበብሁ፤ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

መልስ 1፦ ልዩነቱ በዋናነት ከመጠኑ ይመነጫል። ጄኒስቲን በቅርጹ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ስለሚመስል፣ በ1 ማይክሮሞላር (የክምችት መለኪያ ነው) አካባቢ ከኢስትሮጅን ተቀባዮች ጋር ተጣብቆ ሴሎቹን ያባዛል፤ ከ10 ማይክሮሞላር በላይ ሲሆን ግን ታይሮሲን ካይኔዝ የተባሉትን፣ ሴሉ እንዲከፋፈል ምልክት የሚያስተላልፉ ኢንዛይሞች ጭምር ስለሚያግድ ክፍፍላቸውን ይገታል።

መልስ 2፦ የተቀባዩንም ዓይነት አይርሱ። የኢስትሮጅን ተቀባይ አልፋና ቤታ የተባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ጄኒስቲን ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ቤታን ነው፤ ኤምሲኤፍ-7 ግን መባዛትን በሚያነሳሳው በአልፋ የበለጸገ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ያ ከፍተኛ መጠን በምግብ ይደረስበታል?

መልስ 1፦ አይደረስበትም፤ አንጀትና ጉበት አብዛኛውን ጄኒስቲን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ስለሚያጣምሩት፣ በደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪን ውጤት ብቻ ይዞ ታማሚን መምከር አደገኛ ይመስለኛል።