ማበጠሪያ የማያስነካ ጭንቅላት፦ መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለበት ሰው ይህ አጋጥሞት ያውቃል?

የሐይቅ ዳር መምህርት (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለብኝ ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በሽታውን ለማያውቅ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቩን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይልጠዋል፤ መልእክቱም ይዘገያል ወይም መንገድ ይስታል። የእኔ የጀመረው በቀኝ ዓይኔ ነው፤ አንድ ጠዋት ቀይ ሹራቤ አመድ የተነፋበት መስሎ ታየኝ። አሁን እህቴ ከውጭ አገር የምትልክልኝን ኢንተርፌሮን የሚባል የበሽታውን መድኃኒት በሳምንት ሦስት ቀን እወጋለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር መርፌዋን በበረዶ ከብባ ማቀዝቀዣ ፍለጋ የሰው በር የምታንኳኳ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ከአምስት ሳምንት በፊት ጸጉሬን ላበጥር ሚዶውን ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ሳሳርፈው፣ የተቃጠለ ቆዳ የተነካ ያህል ዘለልሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ትራስ ላይ መተኛት አልቻልሁም። ነጠላ ስከናነብ ጥለቱ ይፋጀኛል። ባጃጅ ውስጥ በጎን የሚገባው ነፋስ እንኳ ያመኛል፤ ነፋስ ያመኛል ብዬ ለሰው ስናገር ራሴም አፍራለሁ። በመሐል ደግሞ ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ አናቴ እንደ መብረቅ ሽው የሚል ሕመም አለ። ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰሌዳው ወደ ተማሪዎቹ ስዞር ነው።

አንድ ምሽት የወንድሜን ልጅ የቅንድብ እርሳስ አስይዤ፣ ጸጉሬን ፈልቅቃ የሚያመኝን ቦታ ዳር ዳሩን እንድታሰምር አደረግሁና ፎቶ አነሣችኝ። ሕመሙ በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ መሐል አናቴ ላይ ሲደርስ በማስመሪያ እንደተሰመረ ድንበር ቀጥ ብሎ ያበቃል። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ድንበር አይቶ ዝም አይልም።

እስካሁን ያደረግሁት ይህ ነው። ሹሩባዬን ከፈታሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። እናቴ ለጋ ቅቤ ቀብታኛለች፤ ጸበልም አምጥታልኝ ተጠምቄአለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ የሕመሙን ካርታ ሳሳይ ሐኪሙ ሳቀና «ጭንቀት ነው» ብሎ ቫይታሚን ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማለት ይቻላል ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን እውጣለሁ።

ይህ በሽታው አዲስ ቦታ መያዙ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የነርቭ ሐኪሜ አዲስ አበባ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ተጉዤ፣ የትምህርት ቀን አጉድዬ፣ እዚያም ጭንቀት ነው ብባል አልችለውም።

መንገደኛው

የአየር ጠባዩ ነው። በመጋቢት ሙቀት ራሱን የማያመው ማን አለ?

የሐይቅ ዳር መምህርት

ወንድሜ፣ ሙቀቱ በቀኝ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው?

ሹሩባ ሠሪዋ (ሐዋሳ)

መምህርት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን በእጄ ያለፈው ጭንቅላት ብዙ ነው። ሹሩባ አጥብቆ የሚጎትት ሠሪ አለ፣ በተለይ በግንባርና በጆሮ ዙሪያ። ያ ሕመም ሲፈቱት በሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ ቆዳው ቢያብጥም በማግሥቱ ይበርዳል። ሦስት ሳምንት ከቆየ የእኛ ጥፋት አይደለም፤ እኔም የሙያ ጓደኞቼን ከስም ማጥፋት ላድን ብዬ ነው የጻፍሁት። ሲሻልሽ አልባሶ ላላ አድርጌ እሠራልሻለሁ። እስከዚያ ግን ከጸጉር ቤት ማድረቂያ ራቂ።

ጡረተኛዋ ነርስ

መምህርት፣ ካርታዎን ሰው ስቆበት ከሆነ ተሳስቷል፤ በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ዋናው መረጃ እሱ ነው።

አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው ሽፋኑ፣ የደም ሥሩ፣ ጡንቻውና ቆዳው ነው። የጭንቅላትን ቆዳ ከግንባር እስከ አናት አምስተኛው የራስ ነርቭ ያዳርሰዋል፤ ከማጅራት እስከ አናት ያለውን ደግሞ ከላይኛው የአንገት አጥንት አካባቢ የሚወጣው ኦክሲፒታል ነርቭ። ሁለቱም የቀኝና የግራ አላቸው። ስለዚህ ሕመም መሐል አናት ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነርቭን እንጠረጥራለን። ጭንቀት እንዲህ ያለ መስመር አያሰምርም። የነጠላው ጥለትና ነፋሱ ማመማቸውም ስም አለው፤ ሊያም የማይገባው ንክኪ ሲያም አሎዲኒያ ይባላል። በማይግሬንም ይመጣል፣ በነርቭ ሕመምም ይመጣል፣ እርስዎ ባለብዎ በሽታም ይመጣል። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። በቀኝ በኩል የራስ ቅል ከአንገት ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ፣ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንትና በአከርካሪው መካከል፣ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ሕመሙ ወደ አናት ከተፈናጠረ ለሐኪምዎ ይህንኑ ይንገሩ።

በሽታው ነው ወይ ላሉት፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በአንገት በኩል ያለው ህብለ ሰረሰር ላይ በሽታው የተወው ጠባሳ ካለ እንዲህ ያለ ሕመም ያመጣል፤ ያለ እሱም ነርቩ በጡንቻ ተይዞ ሊቆጣ ይችላል። የሚለየው ምርመራ ነው። አዲስ ማገርሸት የሚባለው ትኩሳትና ኢንፌክሽን ሳይኖር ቢያንስ 24 ሰዓት የቆየ አዲስ ምልክት ነው። ሙቀት የቆየ ምልክት እንደሚቀሰቅስ ዊልሄልም ኡቶፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል፤ መንገደኛው ያለው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም ማለቴ ነው። አዲስ ቦታ ላይ አምስት ሳምንት የቆየ ሕመም ግን በሙቀት ብቻ አይመካኝም። ከመሄድዎ በፊት የወባና የሽንት ምርመራ እዚያው ሐዋሳ ያድርጉ፤ የተደበቀ ኢንፌክሽን ይህን በሽታ ያባብሰዋል።

ስለ ክኒኑ ልቆጣዎት ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ የሚውጥ ሰው፣ ነገሩ ከሦስት ወር ካለፈ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ይሆንበታል። እርስዎ ገና አልደረሱም እንጂ መንገዱን ይዘዋል። በወረቀት ይመዝግቡ።

ድንገት የፈነዳ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የእይታ መጥፋት ወይም አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ይህን የሚያነብ ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ደግሞ፣ የጆሮ ግንዱ አካባቢ ሲነካ እያመመው ቆሎ ሲያኝክ መንጋጋው ከዛለ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላልና ዓይኑን ሳያጣ በፍጥነት ይታይ።

ጋሼ ከአዳማ

ልጄ፣ ነርሷ ያላነሡትን ላንሣ፤ አልማዝ ባለጭራን። እኔን በግራ በኩል የጭንቅላቴን ቆዳ አራት ቀን አቃጠለኝ፤ ምንም አይታይም ነበር። ጸጉሬን ልስተካከል ስቀመጥ ነው ልጁ መቀሱን አቁሞ «ጋሼ፣ እዚህ ውኃ የቋጠረ ነገር አለ» ያለኝ። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚበጀው፤ እኔ ሳምንት አሳልፌ ሄድሁ። ይኸው ዓመት ሆነኝ፣ ቆብ ሳደርግ አሁንም ይለበልበኛል። በጸጉርሽ መሐል በደንብ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ።

የሐይቅ ዳር መምህርት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጋሼ፣ የወንድሜ ልጅ በስልክ መብራት ጸጉሬን ክር በክር ፈትሻለች፤ ሽፍታ የለም። ወባም የለም። የሽንት ኢንፌክሽን ግን ተገኘብኝ፤ ሳልታከመው ስንት ጊዜ እንደቆየ እግዜር ይወቅ። ሲታከም የእግሬ መክበድ ቀለለ፣ ጭንቅላቴ ግን እንደነበረ ነው።

ነርሷ ያሉኝን ቦታ ስጫነው እንባዬ መጣ። አዲስ አበባ ሐኪሜም እዚያው ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ ጮኽሁባት፤ እየሳቀች ይቅርታ ጠየቀችኝ። ካርታዬን ፋይሌ ውስጥ አስገባችው። የአንገት ኤም.አር.አይ. ተነሣሁ። አንድ ትንሽ የቆየ ጠባሳ አለ፣ አዲስ የለም። ሕመሙ ከጠባሳው ይሁን ከጡንቻው ልትምልልኝ አልወደደችም፤ ይህንኑ ወደድሁላት። ማጅራቴ ላይ ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ ወጋችኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ያ ሁሉ ግዛት ደነዘዘ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በሚዶ ጸጉሬን እስከ ሥሩ አበጠርሁ። የተሰለፉት በሽተኞች ምን እንዳሉኝ አላውቅም።

ከአራት ቀን በኋላ ከፊሉ ተመለሰ። አሁን ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የነርቭ ሕመም የሚያበርድ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አፌን ስለሚያደርቀው ክፍል የምገባው የውኃ ጠርሙስ ይዤ ነው። ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ቀን አላልፍም። መብረቁ በቀን አንዴ ቢመጣ ነው፤ ትራሱ ገና ነው፤ የባጃጁ ነፋስ ግን አቁሟል።

ሹሩባ ሠሪዋ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። የግራውን እንደፈለግሽ ሥሪው፤ በቀኝ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን ግን አትንኪብኝ፣ ክፍቱን ይዋል።